የሰዓዳ የእጅ ጽሑፍ

ጅዳ፣ መስከረም 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ አላምረው፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጎተራህን ነቀዝ አይድፈረው፣ ባለቤትህን ማሚቴን ጤና ያድርግልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላ የምከፋበት ነገር የለኝም። የማዳም ቤት ሦስት ፎቅ ነው፤ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ እውላለሁ። ይኸን ያህል ዞብል ተራራ ላይ ብወጣ ኖሮ እስካሁን ሰማይ ቤት በደረስኩ ነበር።

ደብዳቤውን የያዘችው የጎብዬ ልጅ ኮንትራቷን ጨርሳ የምትገባ ናት። ለማሚቴ ሻሽ፣ ለልጄ ለሰዓዳ ቀሚስ ልኬያለሁ። ቀሚሱን ሰፋ ረዘም አድርጌ ነው የገዛሁት። ትቻት ስሄድ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥር ሞላት፤ ቁመቷን የማውቀው በግምት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናቶቻችን እህትማማች ናቸው፤ አንተ ፋሲካን፣ እኔ አረፋን እየጠበቅን ከአንድ ማጀት በልተን ያደግን ነን፤ ስለዚህ ከአንተ ጋር ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ልጄን አንተ ቤት ያስቀመጥኳት አስተማሪ ስለሆንክ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርካትም አንተው ነህ። በየዓመቱ «ተዛውራለች» ብለህ ትልክልኛለህ፣ እኔም እዚህ ላለው ሰው ሁሉ ልጄ አለፈች እያልኩ አወራለሁ። ስንተኛ እንደወጣች ግን አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም። ይሁን፣ ደረጃውን ተወው። በገዛ እጇ የጻፈችው ደብዳቤ ይምጣልኝ። ሁለት መስመር ይበቃኛል። እዚህ ለምትሠራ አንዲት የደሴ ልጅ የሁለተኛ ክፍል ወንድሟ እንኳ ይጽፍላታል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ የልጄን አንዲት ፊደል አለማየቴ ሰው ፊት ያሳፍረኛል፤ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ያስፈራኛል።

እህትህ አሚና


ጎብዬ፣ ኅዳር 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአሚና፣

የምሕረት አምላክ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ፤ ያን ደረጃ የምትወጪበትን ጉልበት ያጽናልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽው ሁሉ ደርሷል። ማሚቴ ሻሹን አስራ ቆቦ ገበያ ሄዳ፣ የተላከችበትን ጨው ረስታ ተመለሰች። ለመታየት ነው የሄድሽው ብዬ ስቄባታለሁ።

መልሴ የዘገየው በአዝመራው ምክንያት ነው። የግሪሳ ወፍ ሰማዩን ሸፍኖ መጥቶ ማሽላውን ሊጨርሰው ሲል ትምህርት ዘግተን ልጆቹን ሁሉ ይዘን ማሳ ወረድን። አሥራ ሁለት ቀን በወንጭፍና በጅራፍ ስንከላከል ሰነበትን። ርዕሰ መምህራችን አስፋውም ወንጭፍ ይዞ ነበር፤ ወፍ አልመታም፣ የጎረቤት ዶሮ ግን መትቷል። እስካሁን ካሳ ይጠየቅበታል።

ስለ ልጅሽ ትምህርት አታስቢ። ጨዋ ናት፣ ታዛዥ ናት፣ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ደብዳቤዋን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

ወንድምሽ አላምረው

«ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አሚና። ባለሽበት የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ልጅሽ ሰዓዳ ከናፍቆትሽ በስተቀር በጣም ደህና ስሆን፣ ትምህርቴንም በትጋት በመከታተል ላይ እገኛለሁ። ስለላክሽልኝ ቀሚስ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ልጅሽ ሰዓዳ»


ጅዳ፣ ጥር 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይልኝ፤ ዛሬ አፌ አይታዘዝልኝም።

ልጄ «በመከታተል ላይ እገኛለሁ» አትልም። ልጄ ስትናፍቅ «ሆዴ ውስጥ ጉንዳን ገባ» የምትል ናት። አንዲት የማምናት ሰው የአንተን ደብዳቤና የእሷን ነው የተባለውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ አየችልኝ። የ«ጨ» መካከለኛ እግር በሁለቱም ላይ አጭር ነው አለችኝ። ሁለቱንም የጻፍከው አንተ ነህ።

የአገራችንን ልማድ አውቀዋለሁ። እናቴ ስትሞት ስምንት ወር ደብቃችሁኛል። በሰው አገር መርዶ ከሚደርሳት ትንሽ ትቆይ ብላችሁ «ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል፣ ሰላም ብላሻለች» እያልክ የሙት ሰላምታ ስትጽፍልኝ ከረምክ። እኔም ለሙት ሻርፕ ገዝቼ ላክሁ። ያን ጊዜ ለደግ ነው ብዬ ይቅር አልኩህ። አሁን ግን የልጄን ድምፅ አስመስለህ ስትጽፍልኝ ምን ልበል? ልጄ ሞታ እንደሆነ ንገረኝ።

እዚህ ስልኩ ቁልፍ አለው፣ በሩም ቁልፍ አለው። የማውቀው ነገር ሁሉ በአንተ ወረቀት የሚመጣ ነው። ሌት ተቀን የማስበው አንድ ነገር ነው፤ የገዛሁት ቀሚስ ላይ ማን አለበት? በሕይወት ካለች የእጇን ምልክት አሳየኝ። ከሌለችም የማልቀስ መብቴን ስጠኝ።

አሚና


ጎብዬ፣ የካቲት 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

አሚና እህቴ፣

ልጅሽ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድመሽ ስሚ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ክፍሌን ለአስፋው ጥዬ ሰዓዳን ይዤ በሚኒባስ ቆቦ ሄድኩና ፎቶ ቤት አስገባኋት። ፎቶው ከዚህ ጋር አለ፤ የለበሰችው የላክሽውን ቀሚስ ነው። ረዘም አድርገሽ ብትገዢውም ጉልበቷ ላይ ቀርቷል፤ በቁመት አያቷን ነው የወጣችው።

ቁጣሽ ይብረድልኝ ብዬ አልለምንሽም፤ ይገባኛል። የእናትሽን ሞት የደበቅሁሽ አንቺ እንዳትጎጂ ነበር። የአሁኑን የደበቅሁሽ ግን እኔ እንዳላፍር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሰዓዳ ማንበብም መጻፍም አትችልም። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል እንኳ ዛሬ ትጽፈውና ነገ ይጠፋባታል። «ተዛውራለች» ማለት አልፋለች ማለት አይደለም። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ቻለም አልቻለም ወደሚቀጥለው እንዲሻገር መመሪያ አለ፤ እሷም በዚያ ተሻገረች። አንቺ አለፈች ብለሽ ስትደሰቺ ሳላርምሽ ቀረሁ።

መጀመሪያ ሰነፍ መሰለችኝና መታኋት። ቀጥሎ ዓይኗ ይሆናል ብዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ከአንተ የተሻለ ታያለች አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የማደርገው ሲጠፋኝ ከኋላ ወንበር አስቀመጥኳት። ሰባ ስምንት ልጅ ባለበት ክፍል ከኋላ ተቀምጦ ዝም ያለ ልጅ ይረሳል። አንድ ቀን ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ «ለ እና ሰ ወንድማማች ናቸው ጋሼ፤ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋኛል» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፣ ክፍሉም ተከትሎኝ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም።

የራሴን የእህቴን ልጅ እንዲህ አድርጌ ማንን አስተምራለሁ ብዬ ራሴን እየጠየቅሁ ነው።

አላምረው


ጅዳ፣ መጋቢት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ አላምረው፣

ፎቶዋን ሳይ በግንባሬ መሬት ላይ ተደፋሁ። ማዳም የወደቅሁ መስሏት ውሃ ይዛ መጣች። ሱጁድ እንደሆነ ሲገባት ራሷም አለቀሰች፤ ለካ እሷም እናት ናት። አላህ ልጄን እንዳኖረልኝ ያንተንም ቤት በሰላም ያኑርልኝ።

አንተ እውነቱን ካወጣህ እኔም የእኔን ላውጣ። ይህን የምትጽፈው ፀዲ ናት፣ ከላይኛው ፎቅ የምትሠራው የደሴ ልጅ። እስከ ዛሬ የደረሰህን ሁሉ የጻፈችው እሷ ናት፤ አንተ የላክኸውንም ያነበበችልኝ እሷ ናት። እኔ ፊደል አልለይም። ሁለት ዓመት ስማር አይተኸኛል፣ ለምን እንደተውኩ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ፊደሉ ላይ አፈጣለሁ፣ እሱም ያፈጥብኛል፣ አንተዋወቅም። መምህሩ ጣቴን በማስመሪያ እየመታ ያስቆጥረኝ ነበር። አንድ ቀን ለእረፍት ወጥቼ በዚያው ቀረሁ። ልጄ የወረሰችው ከእኔ ነው።

ስለዚህ ቁርጤን ልንገርህ። ከእንግዲህ ዱላ አይንካት። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ዋጃ ላለችው ለአባቷ እህት ስጣት። ሻይ ቤት አላት፤ ብርጭቆ ማጠብ ፊደል አይጠይቅም። እኔን ያገኘኝ ይበቃል፤ ልጄን በሰባ ስምንት ሕፃን ፊት ደደብ እያስባልኩ አላኖራትም።

ፀዲ ይህን ስትጽፍ እያለቀሰች ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ጠብታ የእሷ ነው፤ የእኔ አልቋል።

እህትህ አሚና


ጎብዬ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአሚና፣

ከተራራው ጎርፉን፣ ከሰማይ ምሕረቱን የሚልክ ጌታ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ሰኔ አልፏል፣ ሰዓዳን ግን ዋጃ አልወሰድኳትም። ይኸን ሁሉ ወር ዝም ያልኩት ትእዛዝሽን እምቢ ለማለት ድፍረት አጥቼ ነው። አሁን ግን ያየሁትን ሳልነግርሽ ብቀር በደል ይሆንብኛል። እስከ መጨረሻው ስሚኝና ፍረጂ።

ደብዳቤሽን ለማሚቴ ሳነብላት ተነሥታ አለንጋዬን እሳት ውስጥ ከተተችው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለአስተማሪዎች ቆቦ ላይ የአምስት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኟ ወጣት ናት፤ መጀመሪያ ንቄያት ነበር። ፊደል የማይዝላቸው ልጆች አሉ፣ ስንፍናም ድድብናም አይደለም፣ በጆሮና በእጅ አስተምሯቸው፣ በአፍም ጠይቋቸው አለችን። ከእነዚህ መካከል ከእናንተ የሚበልጥ አእምሮ ያለው ሊገኝ ይችላል ስትል ግን ሁላችንም ሳቅን።

ተመልሼ ሰዓዳን ፊት ወንበር አመጣኋትና ሒሳብ በአፍ ጠየቅኋት። አርባ ስምንት ቁና ማሽላ ለስድስት ወንድማማቾች ብዬ ሳልጨርስ «ስምንት» አለችኝ። አከበድኩት፤ መለሰች። የአምስተኛ ክፍልን መጽሐፍ አመጣሁ፤ መለሰች። የስድስተኛውን ሳመጣ እኔ ራሴ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ እየሰረቅሁ ነበር። እንዴት አድርገሽ ነው ብላት ገርሟት አየችኝና «ይታየኛል፤ ለአንቱ አይታይዎትም እንዴ?» አለችኝ። እውነትም አይታየኝም። አሚና፣ ስንት ዓመት ከኋላ አስቀምጬ የረሳኋት ይህችን ነው።

ይህ ግን ገና ምኑም አይደለም። የጎርፉን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። እኛ አገር የራሱን ዝናብ የጠበቀ ገበሬ ይራባል፤ ተራራው ላይ የዘነበው ወደ እኛ ሲወርድ በክትር ገድቦ ጠልፎ፣ በቦይ ለየማሳው ማደል ነው። ሰኔ ላይ የውሃ አባታችን ጋሽ ካሳው እንደ ልማዳቸው ቦይ አስቆፈሩ። አርባ ዓመት የሠሩበት ሥራ ነው፤ እሳቸው በትራቸውን በተከሉበት ቦታ ላይ ማንም ቃል አይተነፍስም። በዚያው ሰሞን ሰዓዳ ትምህርት ቤቱ ጀርባ አገሩን በጭቃ ሠርታዋለች። ተራራው አለ፣ ወንዙ ጎሊና አለ፣ ክትሩ፣ አምስቱ የቦይ አፍ፣ የየሰዉ ማሳ አለ። የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ሁለት ቀን በአጠገቡ አለፍኩ። በሦስተኛው ጎንበስ ብዬ ሳይ የገዛ ማሳዬን አገኘሁት፤ አምና የተናደው ጠርዙ ሳይቀር ተንዶ አለ። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

ሦስተኛው አፍ ይፈርሳል አለችኝ። ከጆግ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ፈረሰ። ደግማ ሠርታ አፈሰሰች፤ ያው ፈረሰ። አፉን ጥቂት ወደ ላይ ስታዛውረው ውሃው ረጋ ብሎ ለአምስቱም ገባ።

ጋሽ ካሳውን ሦስት ቀን ለምኜ አመጣኋቸው። አስፋው ሰምቶ፣ ፊደል ያልለየች ልጅ ሽማግሌ ልታስተምር ነው ወይ ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። ካሳው ተቀምጠው አዩ። ጆጉን ተቀብለው ራሳቸው አፈሰሱ፤ ደገሙ። ከዚያ ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሥተው ሄዱ። ተቀየሙኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ግን ሰው አሰባስበው ሦስተኛውን አፍ አሥራ አምስት ክንድ ወደ ላይ አዛወሩት።

ጎርፉ የመጣው ሐምሌ 19 ከቀትር በኋላ ነው፤ ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና አልነበረም። መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው፤ ቀጥሎ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀዩ ውሃ ግንድ ተሸክሞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ደረሰ። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ዳር ዳሩን ቆሟል። ቀድሞ ሦስተኛው አፍ የነበረበትን መሬት ዓይናችን እያየ ጎምዶ ወሰደው። የሁለት ቤት ስፋት ያህል ነው። አዲሱ አፍ አልተነቃነቀም። ውሃው እዚያ ሲደርስ ተከፈለና ወደየቦዩ ገባ። ጫፍ ላይ ያለችው ባልቴት፣ የአያሌው እናት፣ ማሳዋ ስድስት ዓመት ጎርፍ ደርሶት አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ደረሰው፤ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

እኔ ግን የማየው ሰዓዳን ነበር። ጎርፉ የሚሄድበትን ከጎርፉ ቀድማ በጣቷ ታመለክታለች። አምስተኛው አፍ ትንሽ ሲሸረሸር፣ ሰው ሁሉ እልል እያለ እሷ ብቻ «ይኸን አላየሁትም» ብላ አለቀሰች። ጋሽ ካሳው መጥተው የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። የአሚና ነኝ አለች። ግንባሯን ሳሟትና ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ይኸን ለማየት አርባ ክረምት ፈጅቶብኛል። አንተ ይህችን ልጅ ምንድን ነው የምታስተምራት?»

እኔ በእግዚአብሔር ሥራ ብዙ ጊዜ ተገርሜ አላውቅም፤ ሰንበት ሳስቀድስም ሐሳቤ ማሳዬ ላይ ነው። ያን ቀን ግን በዚያች ልጅ ፊት ኮፍያዬን አወለቅሁ። መስከረም ላይ ክፍል ስገባ ቀድሜ የማየው የኋላውን ወንበር ነው፤ ከአሁኑ እፈራዋለሁ። ማን ምን ይዞ እንደተቀመጠበት አላውቅም።

አልዋሽሽም፣ አራተኛን ትደግማለች። ፊደሉን በአሸዋ ላይ በጣቷ እያስሄድኳት እስካሁን አሥራ አንድ ብቻ ይዛለች። አስፋው ግን ጎርፉን በዓይኑ ካየ በኋላ ሒሳቡን በአፍ እንድትፈተን ፈቅዷል። እለምንሻለሁ፣ አታስወጪብኝ። እሷም ለአንቺ ብላ የሠራችው ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አንዲት ጭረት አልጨመርኩበትም።

ወንድምሽ አላምረው


ጅዳ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ አላምረው፣

አላህ ያየኸውን በረካ ያድርግልህ። ጋሽ ካሳውን ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ማሚቴን ስለ አለንጋው እጇን ሳምልኝ።

ደብዳቤህን ፀዲ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ጎርፉ ጋ ስትደርስ ሁለታችንም ሳናውቀው ተነሥተን ቆመን ነበር። ቀጥላ የሰዓዳን ወረቀት ላንብብልሽ ብላ ገለጠችው። አዞረችው፣ ገለበጠችው። «እቴ፣ መስመር መስመር ብቻ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም» አለችኝ። ስጪኝ ብዬ ተቀበልኳት።

ጋሼ፣ አነበብኩት። ጎሊናን አነበብኩ፣ ክትሩን አነበብኩ፣ ትምህርት ቤቱን፣ የአንተን ቤት፣ የማሚቴን የዶሮ ቆጥ አነበብኩ። እያንዳንዱን በጣቴ እየነካሁ ለፀዲ ነገርኳት። ከቤትህ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሁለት ዱካ አለ፣ ትልቅና ትንሽ፣ ጎን ለጎን። እኔ የሄድኩ ቀን ነው። አስፋልቱ ላይ ትልቁ ዱካ ይቀጥልና ከወረቀቱ ይወጣል። ትንሹ ግን እዚያው ዳር ላይ ይቆማል፤ ዞሮ ዞሮ፣ ተደራርቦ ተደራርቦ ወረቀቱ እስኪጠቁር ድረስ ቆሟል። መኪናው ከሄደ በኋላ ልጄ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እሷ ነገረችኝ።

በዕድሜዬ ያለ ሰው አፍ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነው። አንብቤ ስጨርስ እንደገና ጀመርኩት። ፀዲ አለቀሰች፤ እኔ ግን ደስታው በዝቶብኝ ማልቀሱም አልመጣልኝም። አንድ ሰው ሲጽፍልህ እንዲህ ነው ለካ።

ዋጃን ተወው። አራተኛን ትድገም፣ ካስፈለገም ሁለቴ ትድገም። ከፊት ወንበር እንዳታነሣት። ፊደሉንም በአሸዋው ላይ በዝግታ አስተምራት፣ አትቸኩልባት።

መልሷን በተለየ ፖስታ አሽጌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እኔው በገዛ እጄ የሠራሁት ነው፤ ፀዲ አልነካችውም። ለሰዓዳ ስጥልኝ። ሳትከፍተው እንደማታድር አውቅሃለሁ፤ ብትከፍተውም ግን አታነበውም።

እህትህ አሚና